የክፍት ምንጭ ፈቃዶች ተጣጣሚነት በዩኒቨርሲቲ ትምህርት፦ ከመማሪያ ክፍል የሚወጣ ኮድና የሚያስከትለው ግዴታ

መግቢያ

በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ የፕሮግራሚንግ፣ የስርዓተ ክወና ወይም የኮምፓይለር ኮርስ በአብዛኛው ሌሎች በጻፉት ኮድ ላይ የቆመ ነው። መምህሩ መነሻውን ኮድ ከአንድ ቦታ ያመጣል፤ ተማሪው የጎደለውን ከሌላ ቦታ ፈልጎ ይሞላል፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ደግሞ በሁለቱ ላይ የራሱን ይጨምራል። ኮዱ ሁሉ «ክፍት ምንጭ» የሚል ስም ስለተሰጠው እንደ ልብ ሊደባለቅ የሚችል ይመስላል። ሆኖም ክፍት ምንጭ ማለት ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል የቅጂ መብት ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ሥራው እንዲባዛ፣ እንዲሻሻልና እንዲሠራጭ የፈቀደው በጽሑፍ ባሰፈራቸው ሁኔታዎች ነው። ሁለት ፈቃዶች የሚያስቀምጧቸውን ሁኔታዎች በአንድነት መፈጸም ካልተቻለ፣ ከሁለቱ የተዋሐደውን ሥራ ለሌላ ሰው ለመስጠት ሕጋዊ መንገድ አይኖርም። የፈቃድ ተጣጣሚነት ጥያቄ የሚባለው ይህ ነው።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ዘግይቶ ነው። የመመረቂያ ሥራ ተጠናቆ ኮዱ ከጥናታዊ ጽሑፍ ጋር ሊያያዝ ሲል፣ ወይም ሌላ ተቋም ሥራውን ሊረከብ ሲጠይቅ፣ የተደባለቀውን መለየት የሁለትና የሦስት ዓመት ድካምን እንደገና መጀመር ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከመነሻው ለመለየት የሚያስችሉ ሁለት ጥያቄዎችን ያብራራል፦ በኮዱ ላይ የሚፈጸመው ተግባር ምንድን ነው? ኮዱስ ከየትኛው ፈቃድ ወደ የትኛው ይሻገራል?

ፈቃድ የማስተማሪያውን ይዘት የወሰነበት ታሪክ

ፈቃድ ለትምህርት የቱን ያህል ወሳኝ እንደሆነ የስርዓተ ክወና ትምህርት ታሪክ በግልጽ ያሳያል። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ጆን ላየንስ የስድስተኛውን የዩኒክስ እትም ሙሉ የምንጭ ኮድ ከማብራሪያ ጋር አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1977 ለተማሪዎቻቸው አቀረቡ። ተማሪዎች በጥቅም ላይ ያለ እውነተኛ ስርዓተ ክወናን መስመር በመስመር ማንበብ ቻሉ። ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በ1979 ሰባተኛውን እትም ሲያወጣ ግን ፈቃዱ የምንጭ ኮዱ በኮርስ እንዳይጠና የሚከለክል ሆነ። የላየንስ ማብራሪያም ለረጅም ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ በፎቶ ኮፒ እየተላለፈ ሲነበብ ቆይቶ በይፋ ለሕዝብ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር።

ክልከላው ሌላ መንገድ ከፈተ። በአምስተርዳም ያስተምሩ የነበሩት አንድሩ ታነንባም ከኤቲ ኤንድ ቲ ኮድ አንድም መስመር ሳይወስዱ ሚኒክስ የተባለ የማስተማሪያ ስርዓተ ክወና ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1987 ከመማሪያ መጽሐፋቸው ጋር አወጡ። የሚኒክስ ኮድ ለንባብ ክፍት ቢሆንም፣ የተሻሻለ ቅጂን በነፃ ማሠራጨት እስከ 2000 ድረስ የተገደበ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ቢኤስዲ ፈቃድ ተዛወረ። በዚህ መሐል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ጀመረ። የመጀመሪያው የሊኑክስ ፈቃድ ኮዱን በገንዘብ ማሠራጨትን ይከለክል ነበር፤ በ1992 ግን ክልከላው ተነሥቶ በጂፒኤል ስሪት 2 ተተካ።

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በምህጻሩ ኤምአይቲ፣ በ2002 በጀመረው የስርዓተ ክወና ኮርስ ወደ ላየንስ ማብራሪያና ወደ ስድስተኛው እትም ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥር ወር ካልዴራ ኩባንያ የጥንቶቹን የዩኒክስ እትሞች በቢኤስዲ ዓይነት ፈቃድ ለቅቋቸው ነበር። የኮርሱ መምህራን በ2006 የስድስተኛውን እትም አወቃቀር ተከትለው፣ ነገር ግን በዘመናዊ ሲ ቋንቋ እንደ አዲስ የጻፉትን ኤክስቪ6 አዘጋጁ። እርሱም የሚሠራጨው በኤምአይቲ ፈቃድ ነው፤ ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምሩበታል። ከዚህ ታሪክ እንደሚታየው መምህራን የትኛውን ኮድ ለተማሪ እንደሚያሳዩ የወሰነው የኮዱ ጥራት ብቻ አልነበረም፤ ፈቃዱም ጭምር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ተግባሩ

አብዛኞቹ የክፍት ምንጭ ፈቃዶች ፕሮግራሙን በማስኬድ ላይ ግዴታ አይጥሉም። ጂፒኤልም ቢሆን ፕሮግራምን ማስኬድ ያልተገደበ መሆኑን በግልጽ ይደነግጋል። አንድ ተመራማሪ በቤተ ሙከራው ኮምፒውተር ላይ የጂፒኤልና የአፓቺ ኮዶችን ደባልቆ ቢሞክርና ውጤቱ ከእጁ ካልወጣ፣ የተጣጣሚነት ጥያቄ በተግባር አይነሣም። ጥያቄው የሚነሣው ሥራው ለሌላ ሰው ሲሰጥ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ መስመር ከሚታሰበው ቀድሞ ይታለፋል። በአንድ ድርጅት ውስጥ ለድርጅቱ ሥራ የሚባዛ ቅጂ እንደ ሥርጭት አይቆጠርም የሚለው የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ትርጓሜ ስለ ሠራተኞች የተነገረ ነው። ተማሪ ግን ተቀጣሪ አይደለም፤ የተሰጠውን ኮድ ወደ ቤቱ ይወስዳል፣ በራሱ ኮምፒውተር ያስቀምጣል፣ ከተመረቀ በኋላም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ መምህሩ ለሃምሳ ተማሪዎች የሚያድለውን መነሻ ኮድ እንደ ሥርጭት ማየት ጥንቃቄ የተሞላበት አቋም ነው። ኮዱን ለሁሉም ክፍት በሆነ ማኅደር ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ያለ ጥርጥር ሥርጭት ነው።

በሰርቨር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ከዚህ ይለያል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለኮርስ አስተዳደር የሚጠቀሙበት ሙድል በጂፒኤል ስሪት 3 ወይም ከዚያ በኋላ በሚወጣ ስሪት የተለቀቀ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ሙድልን ለራሱ አሻሽሎ በራሱ ሰርቨር ላይ ቢያስኬድ፣ ተማሪዎች በድረ ገጽ ስለተጠቀሙበት ብቻ በሰርቨሩ ላይ ያለውን የተሻሻለ ኮድ የመልቀቅ ግዴታ አይኖርበትም። በኤጂፒኤል ስሪት 3 የተለቀቀ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ግን፣ የተሻሻለውን ስሪት በኔትወርክ የሚጠቀሙ ሁሉ የምንጭ ኮዱን የማግኘት ዕድል ሊሰጣቸው ይገባ ነበር።

የፕሮግራም ውጤትም ከፕሮግራሙ ተለይቶ ይታያል። በጂሲሲ ኮምፓይለር የተጠናቀረ የተማሪ መልመጃ፣ ኮምፓይለሩ የጂፒኤል ሥራ ስለሆነ ብቻ በጂፒኤል ሥር አይወድቅም፤ ከተጠናቀረው ጋር የሚያያዙት የጂሲሲ ላይብረሪዎች ለዚሁ ሲባል ልዩ ፈቃድ ተጨምሮላቸዋል። በኮምፓይለር ኮርስ የተለመደው ባይሰን ከራሱ ኮድ የተወሰነውን ወደ ውጤቱ የሚገለብጥ ቢሆንም፣ እርሱም ተመሳሳይ ልዩ ፈቃድ ይዟል። እንዲሁም ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ተራ ፕሮግራም የከርነሉን አገልግሎት በተለመደው የሥርዓት ጥሪ ስለጠየቀ ብቻ የከርነሉን ፈቃድ እንደማይወርስ ከከርነሉ ጋር የተያያዘው ማስታወሻ ያስረዳል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ አቅጣጫው

ሥርጭት መኖሩ ከታወቀ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ አቅጣጫን ይመለከታል። «ኤምአይቲ እና ጂፒኤል ይጣጣማሉ ወይ?» የሚለው አነጋገር ጥያቄውን ያድበሰብሳል፤ ተጣጣሚነት በብዙ ሁኔታ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው መንገድ ነውና። የኤምአይቲ ፈቃድ የሚጠይቀው የቅጂ መብት መግለጫውና የፈቃዱ ጽሑፍ ከቅጂው እንዳይለዩ ነው። ይህን ግዴታ እየፈጸሙ ኮዱን በጂፒኤል ሥራ ውስጥ ማካተት ይቻላል። በተቃራኒው የጂፒኤል ኮድ ወደ ኤምአይቲ ሥራ ሲገባ፣ የተዋሐደው ሥራ በጠቅላላ ሊሠራጭ የሚችለው በጂፒኤል ብቻ ነው።

የሚከተለው ምናባዊ ምሳሌ ነገሩን በሦስት ደረጃ ያሳያል። አንድ የትምህርት ክፍል ኤክስቪ6ን ለማስተማሪያነት ይመርጣል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ የማስተርስ ተማሪ የኢንቴልን ኢ1000 የኔትወርክ ካርድ እንዲያሠራለት ድራይቨሩን ከሊኑክስ ከርነል ገልብጦ ያስገባል። የሊኑክስ ከርነል የሚሠራጨው በጂፒኤል ስሪት 2 ብቻ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ የተዋሐደው ስርዓት በጂፒኤል ስሪት 2 መሠራጨት ይኖርበታል። የኤክስቪ6 የራሱ ፋይሎች ለብቻቸው ሲወሰዱ በኤምአይቲ ፈቃዳቸው ይቆያሉ። እስከዚህ ድረስ የታሰረ ነገር የለም፤ የተለወጠው አጠቃላይ ሥራው የሚተዳደርበት ፈቃድ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሌላ ተማሪ የኔትወርክ ፕሮቶኮሎችን የሚያስተናግድ ክፍል ዜፈር ከተባለው ስርዓተ ክወና ወስዶ ይጨምራል። የዜፈር ኮድ በአብዛኛው በአፓቺ ፈቃድ ስሪት 2.0 የተለቀቀ ነው። የአፓቺ ፈቃድ ለተጠቃሚው የፓተንት ፈቃድ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሥራው ፓተንቴን ይጥሳል ብሎ ክስ የሚመሠርት ሰው የተሰጠው የፓተንት ፈቃድ ይቋረጥበታል። ጂፒኤል ስሪት 2 በበኩሉ አሠራጩ በፈቃዱ ውስጥ ከተጻፉት ውጭ ሌላ ገደብ በተቀባዩ ላይ እንዳይጨምር ይከለክላል። የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የአፓቺን የፓተንት ማቋረጫ አንቀጽ እንዲህ ዓይነት ተጨማሪ ገደብ አድርጎ ስለሚቆጥረው ሁለቱ ፈቃዶች አይጣጣሙም የሚል አቋም አለው። በ2007 የወጣው ጂፒኤል ስሪት 3 ይህን ችግር ፈትቶ የአፓቺን ኮድ ይቀበላል፤ አሁንም ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ የጂፒኤል ስሪት 3 ኮድ ወደ አፓቺ ሥራ ገብቶ ሥራው በአፓቺ ፈቃድ ሊቆይ አይችልም። በምሳሌው ላይ መፍትሔው አይሠራም፤ ምክንያቱም የሊኑክስ ድራይቨር «ስሪት 2 ወይም ከዚያ በኋላ» የሚል አማራጭ እንደሌለው ታስቦ ነው የተወሰደው። ስለዚህ ሦስቱም ምንጮች በየራሳቸው ክፍት ሆነው ሳለ፣ የሦስቱ ድምር ለሦስተኛው ዓመት ተማሪ ሊሰጥ የማይችል ሥራ ይሆናል።

መውጫው በመጀመሪያው ዓመት ነበር። ኢንቴል ለዚሁ የካርድ ቤተሰብ ለፍሪቢኤስዲ ያዘጋጀው ድራይቨር በሦስት አንቀጽ የቢኤስዲ ፈቃድ የተለቀቀ ነው። ድራይቨሩ የተወሰደው ከዚያ ቢሆን ኖሮ የአፓቺው ክፍል ያለ ችግር ይጨመር ነበር። ከዚህም የተሻለው አማራጭ ለትምህርት የሚስማማው ነው፤ ይኸውም ኢንቴል ያሳተመውን የካርዱን የቴክኒክ መመሪያ አንብቦ ድራይቨሩን ራስ መጻፍ። በኤምአይቲው ኮርስ የኔትወርክ መልመጃ ተማሪዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

በቢኤስዲ ስም የሚጠሩ ፈቃዶችም አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ሊታወቅ ይገባል። የቀድሞው ባለ አራት አንቀጽ ፈቃድ ሶፍትዌሩን የሚጠቅስ ማስታወቂያ ሁሉ የአዘጋጁን ስም እንዲያነሣ ያስገድድ ነበር፤ ይህም ከጂፒኤል ጋር አያጣጥመውም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይህን አንቀጽ እ.ኤ.አ. በ1999 ከራሱ ኮድ ላይ አንሥቷል። ካልዴራ በ2002 ለጥንቶቹ የዩኒክስ እትሞች የሰጠው ፈቃድ ግን የማስታወቂያውን አንቀጽ የያዘ ነው። ስለሆነም የስድስተኛው እትም ኮድ ለማስተማር ነፃ ቢሆንም፣ ቁራጩን ወስዶ ከጂፒኤል ሥራ ጋር አዋሕዶ ማሠራጨት አይቻልም።

ላይብረሪን መጠቀምም ተመሳሳይ ምርጫ ያስከትላል። በፓይተን የመስኮት ገጽታ ያለው ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ፓይኪውትን ከመረጠ፣ የንግድ ፈቃድ ካልገዛ በቀር፣ ለጂፒኤል ስሪት 3 ይገዛል፤ ፓይሳይድን ከመረጠ ግን በኤልጂፒኤል ሥር ስለሚገኝ ለራሱ ኮድ ሌላ ፈቃድ የመምረጥ ሰፊ ዕድል አለው። የሁለቱ አጠቃቀም እጅግ የተቀራረበ በመሆኑ ምርጫው በመጀመሪያው ቀን ቀላል፣ በመጨረሻው ቀን ከባድ ነው።

«ለትምህርት ብቻ» የሚለው ሐረግና ፈቃድ የሌለው ኮድ

ብዙ መምህራን ኮዳቸውን ሲያድሉ «ለትምህርት ዓላማ ብቻ» ብለው ይጽፉበታል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ውጤቱ ግን ከታሰበው ይቃረናል። ኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ ያጸደቀው ትርጓሜ አንድ ፈቃድ የሥራ መስክን ለይቶ እንዳይከለክል ስለሚጠይቅ፣ እንዲህ የተገደበ ኮድ ክፍት ምንጭ አይባልም። ገደቡ ለጂፒኤል ተጨማሪ ገደብ ስለሆነም ከጂፒኤል ኮድ ጋር ተዋሕዶ ሊሠራጭ አይችልም። ኤቲ ኤንድ ቲ ትምህርትን በመከልከል ያቆመው አጥርና መምህሩ ትምህርትን ብቻ በመፍቀድ የሚያቆመው አጥር መነሻቸው ቢለያይም፣ ኮዱ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው እንዳይሻገር በማድረግ ይገናኛሉ።

የክሪዬቲቭ ኮመንስ ፈቃዶችም በዚሁ መንገድ መታየት አለባቸው። የኤምአይቲ ክፍት የኮርስ ማቴሪያሎች የሚለቀቁት ለንግድ አለመዋልን በሚጠይቀው የክሪዬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው። በማስታወሻዎቹ መካከል የሚገኝ የኮድ ምሳሌ የተለየ ፈቃድ ካልተጻፈበት ይህንኑ ገደብ ይዞ ይመጣል። ተማሪዎች ከስታክ ኦቨርፍሎው የሚገለብጡት ኮድ ደግሞ የንግድ ገደብ የለበትም፤ ነገር ግን ደራሲውን መጥቀስንና በተመሳሳይ ፈቃድ ማጋራትን ይጠይቃል። የዚህ ፈቃድ 4.0 ስሪት ወደ ጂፒኤል ስሪት 3 በአንድ አቅጣጫ ሊሻገር እንደሚችል በ2015 ተገልጿል፤ ወደ ኤምአይቲ ወይም ወደ አፓቺ ፈቃድ ግን አይሻገርም።

ከሁሉም ይልቅ የማይጣጣመው ምንም ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ ነው። ፈቃድ አለመጻፉ ነፃ መሆኑን አያመለክትም፤ የቅጂ መብት ባለቤቱ ምንም እንዳልፈቀደ ያመለክታል። የተመረቀ ተማሪ ያለ ፈቃድ ትቶት የሄደውን ኮድ ተከታዩ ተማሪ ማንበብ ቢችልም፣ በእርሱ ላይ ገንብቶ የማሠራጨት መብት አያገኝም።

የኢትዮጵያ ሕግና የግዕዝ ፎንቶች

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ያካትታል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ሥራውን ከማውጣቱ ጋር የመብት ባለቤት ይሆናል፤ ምዝገባ ለጥበቃው ቅድመ ሁኔታ አይደለም። በቅጥር ውል መሠረት የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። ተማሪው ግን በዚህ ኮርስ ውስጥ ተቀጣሪ ስላልሆነ የመልመጃውና የመመረቂያ ሥራው መብት፣ የተለየ ስምምነት ካልፈረመ፣ ከእርሱ ጋር ይቆያል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ወይም አማካሪው የብዙ ተማሪዎችን የተዋሐደ ሥራ ፈቃድ ለመለወጥ ቢፈልግ የእያንዳንዱን ባለመብት ስምምነት መጠየቅ አለበት። አዋጁ ለማስተማር ሲባል የታተመ ሥራን በተገቢ መጠን ማባዛትን የሚፈቅድ ድንጋጌ አለው፤ ይህ ድንጋጌ ግን የተዋሐደ ፕሮግራምን ለዓለም ለመልቀቅ መሠረት አይሆንም።

በአማርኛ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማቸው ሌላው ፈቃድ የፎንት ፈቃድ ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና የኖቶ የግዕዝ ፎንቶች የሚሠራጩት በኤስአይኤል የክፍት ፎንት ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ ፎንቱ በየትኛውም ፈቃድ ከተለቀቀ ሶፍትዌር ጋር አብሮ እንዲታደል ይፈቅዳል፤ ለብቻው እንዳይሸጥና የተሻሻለው ፎንትም በዚሁ ፈቃድ እንዲቆይ ያዛል። ባለቤቱ የፎንቱን ስም ለራሱ አስጠብቆ ከሆነ፣ አንድ ፊደል ያስተካከለ ተማሪ የራሱን ፎንት በሌላ ስም መጥራት ይኖርበታል። በፎንቱ የተጻፈ ሰነድ ግን ከነዚህ ግዴታዎች ሁሉ ነፃ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተብራራው የሚወጡት ተግባራዊ እርምጃዎች ጥቂት ናቸው። በመጀመሪያ፣ የኮርስ መነሻ ኮድ በሚዘጋጅበት ዕለት ፈቃዱ ተመርጦ በማኅደሩ ሥር ሊቀመጥ ይገባል፤ ኮዱ ወደፊት ከብዙ ምንጮች ጋር እንዲዋሐድ ከተፈለገ የኤምአይቲ፣ የቢኤስዲ ወይም የአፓቺ ፈቃድ መንገዱን ያሰፋል፤ የተሻሻለው ሁሉ ክፍት ሆኖ እንዲቀጥል ከተፈለገ ደግሞ ጂፒኤል ስሪት 3 ወይም ከዚያ በኋላ የሚለው አገላለጽ ይመረጣል። ሁለተኛ፣ ከውጭ የሚመጣ እያንዳንዱ ፋይል ምንጩና ፈቃዱ በራሱ ላይ ሊጻፍ ይገባል፤ ኤስፒዲኤክስ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለዚህ የሚያገለግሉ አጫጭር መለያዎችን አዘጋጅቷል፤ የሊኑክስ ከርነልም በፋይሎቹ ላይ ይጠቀምባቸዋል። ሦስተኛ፣ የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ሲጸድቅ ተማሪው ሊጠቀምባቸው ያሰባቸው ላይብረሪዎች ፈቃድ ከዘዴው ጋር አብሮ ሊመረመር ይገባል። አራተኛ፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት ለኮዱ ፈቃድ እንዲጽፍ መጠየቅ አለበት፤ ከሄደ በኋላ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የላየንስ ተማሪዎች አንብበው የተማሩት ኮድ ለተከታዮቹ የተዘጋው በሌሎች ውሳኔ ነበር። ዛሬ በመማሪያ ክፍል የሚጻፍ ኮድ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ክፍት ሆኖ መቆየት አለመቆየቱ ግን በአብዛኛው በመምህሩና በተማሪው እጅ ያለ ጉዳይ ነው፤ የሚወሰነውም የመጀመሪያው ፋይል ከሌላ ቦታ በሚገለበጥበት ዕለት ነው።